ራሱን ፈልጎ ስላገኘው ደላላ

ለተከበሩ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም በቢሮዎ በር ላይ ለተለጠፈው «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ለሚለው ወረቀት መልካም ጤንነትን እመኛለሁ። ወረቀቱን ከቤተሰብዎ ጋር ቆጥሬ ማንሣቴ ድፍረት እንዳይመስልብኝ፤ በመሥሪያ ቤትዎ በተመላለስኩበት ጊዜ ሁሉ ከቦታው ሳይጠፋ፣ ፊቱን ሳያጠቁር፣ ቃሉንም ሳይለዋውጥ የተቀበለኝ እሱ ብቻ ስለሆነ ውለታውን መርሳት ነውር ሆኖብኝ ነው። አንድ ጠርዙ ስለተላቀቀ ማጣበቂያ እንዲታከልለት በዚሁ አጋጣሚ በትሕትና አሳስባለሁ።

ደብዳቤዬን በጋዜጣ ማውጣቴም ክቡርነትዎን ለማሳጣት አይደለም። በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው ቀዳሚዎቹ በመዝገብ ቤትዎ ውስጥ በሰላም እንደሚገኙ ስለተነገረኝ፣ ሌላ ጨምሬ ቦታ ከማጣብባቸው አገር አንብቦት ምናልባት ከአንባቢዎቹ አንዱ ለክቡርነትዎ ቢነግርልኝ ብዬ ነው። ደግሞም ደክሞኛል። መቆጣት ጉልበት ይጠይቃል፤ ለእኔ የተረፈኝ ትሕትና ብቻ ነው።

ነገሩ የታላቅ እህቴ ነው። እህቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ በቁልፍ ቀራጭና በመድኃኒት ቤት መሃል በተሸጎጠች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ፀጉሯ ጥቁር ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ እየተከራየች ስትሰፋ ኖራለች። ክፍሏ ለዓይን የምታጓጓ አይደለችም፤ መስኮቷ ግን የጠዋቱን ብርሃን አምጥቶ መርፌው ጫፍ ላይ ይጥለዋል፤ ከመርገጫው ሥር ያለው ንጣፍ በእህቴ ተረከዝ ልክ ጎድጉዷል፤ ከበሩ አጠገብ ያለው ግድግዳ ደግሞ ከላይ እስከ ታች የእርሳስ ጭረት ነው። የትምህርት ቤት ልብስ ሊያሰፉ የሚመጡትን ልጆች ግድግዳው ላይ አስደግፋ ቁመታቸውን ትጭርበታለች፤ በዓመቱ ሲመጡ ከአምናው ጋር አስተያይታ ጨርቁ ስንት ጣት ይለቀቅ እንደሆነ ታውቃለች። የዛሬዎቹ ልጆች እናቶች ራሳቸው እዚያው ግድግዳ ላይ፣ ዝቅ ብለው፣ በደበዘዘ እርሳስ አሉ።

የክፍሏ ባለቤት ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ የመንደሩን እኩሌታ እትብት የቆረጡ፣ ቃላቸውን የማያጥፉ ሴት። ዕድሜ ሲጫናቸው ልጃቸው ዘንድ ሊጠቃለሉ ተነሡና ክፍሏን ለመሸጥ ቆረጡ፤ መጀመሪያ የነገሩትም ለእህቴ ነው። አንድ ሽቶ ነጋዴ ገንዘቡን በእጁ ይዞ ይጠብቃቸው ነበር። ለእሷ ሲሉ እስከ ዓርብ ቀትር እንደሚታገሡት፣ ከዚያ በኋላ ግን እሳቸውም መንገደኛ መሆናቸውን ነገሯት። እህቴ በእጇ ገንዘብ አልነበራትም። ነፍሱን ይማረውና ባሏ ግን ዕድሜውን በሙሉ በሲሚንቶ ፋብሪካ ሲሠራ ከዚያ ያተረፈው ሳልና አክሲዮን ነበር፤ ሳሉን ይዞት ሄደ፣ አክሲዮኑን ለእሷ ተወላት።

እንግዲህ ጠቅላላ ነገሩ ይኸው ነው፤ አክሲዮኑ ይሸጥ፣ ገንዘቡ እስከ ዓርብ ቀትር ይድረስ፣ ክፍሏ የእህቴ ትሁን። ለዚህች ቀላል ነገር ክቡርነትዎና በሥርዎ ያሉ ሁሉ ስለዋሉልን ውለታ፣ አንዱ ከሌላው እንዳይቀላቀል በቁጥር ለይቼ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ብሥራትዎ አመሰግናለሁ። ክቡርነትዎ በሬዲዮ ቀርበው፣ ቀድሞ አክሲዮን የሸጠ ሰው ገንዘቡን እስኪያይ ቀናት ይቆጥር እንደነበር፣ ከእንግዲህ ግን ዛሬ የሸጠ በማግስቱ ገንዘቡን እንደሚጨብጥ ሲያበሥሩ፣ እህቴ የሱሪ ጫፍ እየቀመቀመች ነበር። የስፌት መኪናዋን አቁማ አዳመጠችዎ። ይህች ሴት መኪናዋን በትንሽ በትልቁ አታቆምም፤ በደጃችን ያለው የመብራት ማስተላለፊያ የፈነዳ ዕለት እንኳ ሰው ሁሉ ሲሮጥ እሷ ክሯን ቋጥራ ነው የወጣችው። ድምፅዎ ግርማ ነበረው። ፈጣን፣ ግልጽ፣ አስተማማኝ ያሏቸውን ሦስት ቃላትም እስካሁን አልረሳናቸውም፤ በቤታችን አንድ ዕቃ ጠፍቶ ስንፈልግ እነሱን ነው የምንጠራው።

ሁለተኛ፤ ፈቃድ ስለሰጡት ድርጅት አመሰግናለሁ። ስሙን አልጠራም፤ ደላላ መባልን ግን አይወድም፤ በሩ ላይ በወርቅ ቀለም «የኢንቨስትመንት አጋርዎ» ተብሎ ተጽፏል። ማክሰኞ ማለዳ እህቴንና የአክሲዮን ወረቀቶቿን አጅቤ ሄድኩ። የተቀበለን ትሑት ወጣት ነው፤ ለጠየቁት ሁሉ «ይደርሳል» ስለሚል ወረፋ ጠባቂው ይደርሳል ብሎ ቅጽል ስም አውጥቶለታል፤ እኔም ሌላ ስም አላውቅለትም። እህቴን እማማ እያለ፣ ወንበር እየሳበ፣ እንደ ልጅ ተንከባከባት። ገና ወንበሩ ሳይሞቅልን ገዢ ተገኘ። ገዢው ማን እንደሆነ ብትጠይቀው ገበያው ነው አላት፤ እህቴም ገበያው የሚባል አንድ ባለጸጋ ሰው ያለ መስሏት ዕድሜ ይስጠው ብላ መረቀችው። ዋጋው ደህና መሆኑን አማከረችው። ከዚህ የተሻለ ገዢ እንደማታገኝ፣ ቢያድር ሊወርድ እንደሚችል፣ እሱ በእሷ ቦታ ቢሆን ዓይኑን እንደማያሽ መከራት። ሸጠች።

ከቀትር በኋላ የግብይት ማረጋገጫ የሚባለው ወረቀት ተሰጣት። ስለዚህ ወረቀት ክቡርነትዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ፤ ለሻጭም ለገዢም ሁሉ ነገር በግልጽ ተጽፎ እንዲሰጥ በመመሪያዎ ያዘዙት እርስዎ ነዎት። ምን ያህል እንደተሸጠ፣ በምን ዋጋ፣ ኮሚሽኑ ስንት እንደሆነ፣ ርክክቡም ረቡዕ መሆኑ ተጽፎበታል። ሽያጩ የተፈጸመበት ሰዓት መግባት ባለበት ቦታ «ሲጠየቅ ይገለጻል» ይላል። ጠየቅን። ጥያቄው በጽሑፍ ይሁን ተባልን። በጽሑፍ ስናቀርብ፣ ወደፊት እንደሚገለጽልን ተገለጸልን። ከሁሉ በታች፣ የጉንዳን ዓይን በምታህል ፊደል፣ ይህ ሰፍሯል፦ «ድርጅታችን በዚህ ሽያጭ የሠራው የደንበኛው ወኪል ሆኖ / አክሲዮኑን ለራሱ በመግዛት / የሻጭም የገዢም ወኪል ሆኖ ነው። የማይመለከተው ይሰረዝ።» የተሰረዘ አልነበረም። ሦስቱም ጎን ለጎን፣ እንደ ሠርግ ፎቶ ተደርድረው ቆመዋል።

ሌላ ሰው ቢሆን ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከተዋል። እህቴ ግን ቅጽ የምታከብር ሴት ናት። «በትላልቅ ፊደል ይሞላ» ከተባለች ፊደሏ ከሳጥኑ ይተርፋል፤ «ከዚህ በታች አይጻፍ» ከተባለች እጇን እንኳ እዚያ አታሳርፍም። እናም ይሰረዝ ከተባለ ይሰረዛል። ቤት እንደገባን የመቁረጫ ማስመሪያዋን አወጣች፤ ብዕር ለመነችኝ፤ ሦስቱንም ደጋግማ አነበበቻቸው። ለእኔ ብለው አይደል እንዴ የሸጡልኝ ብላ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሰረዘቻቸው። እንደ ሱሪ ስፌት ቀጥ ያሉ ሁለት መስመሮች። ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አለችበት፤ ወረቀቱንም በጨርቅ ጠቅልላ ከትራሷ ሥር አኖረችው።

ሦስተኛ፤ ረቡዕ ዕለት ስለተፈጸመው ርክክብ አመሰግናለሁ፤ በእርግጥም ተፈጽሟልና። እህቴ ባንክ ደርሳ ባዶ እጇን ስትመለስ ወደ አጋሯ አቀናን። ይደርሳል ኮምፒውተሩን አየና ፊቱ በራ፤ ርክክቡ በሰዓቱ መጠናቀቁን፣ አንዲት ደቂቃ እንኳ አለመዘግየቱን አበሠረን።

«ለማን?» አለችው እህቴ።

«ለእኛ» አላት።

ክቡር ሆይ፣ በማግስቱ የሚለው ብሥራትዎ ከገበያው እስከ ድርጅቱ ካዝና ላለው መንገድ እንጂ ከካዝናው እስከ ሻጩ ኪስ ላለው መንገድ እንዳልሆነ ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ሁለተኛው መንገድ «በአሠራር» ነው የሚሄደው። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ የክፍያ ማዘዣዎችን የሚፈርሙት ሰው፣ ወረፋው ሁሉ የፊርማው ሰው የሚላቸው፣ አንድ አንድ ወረቀት መፈረም ብዕር ያደክማል የሚል እምነት ስላላቸው ክምሩ እስኪሞላ ይጠብቃሉ። እንደ ታክሲ ማለት ነው፤ ወንበሩ ሳይሞላ አይነሣም። እስከዚያው የእህቴ ገንዘብ በድርጅቱ ሒሳብ ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል፤ ሲተኛም ወለዱ ለተኛበት ቤት ነው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለውን ተረት ድሮ ስሰማ ላሟን ማን እንደሚያልባት ጠይቄ አላውቅም ነበር።

አራተኛ፤ ሐሙስ ዕለት ስለተሰጠን የሕግ ትምህርት አመሰግናለሁ። ይደርሳል የእህቴን መመላለስ አይቶ አዘነላት፤ ለፊርማው ሰው አሳይቶ ሊያስቸኩልላት ወረቀቷን ይዞላት ገባ። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ይህ በመዝገብ ይያዝልኝ። ወረቀቱ ግን ገብቶ ቆየ፤ በኋላ ይደርሳልን አስከትላ ይዛው የወጣችው የድርጅቱ የሕግ ክፍል ኃላፊ ናት። ማክሰኞ እማማ፣ ረቡዕ እናቴ የተባለችው እህቴ አሁን ደንበኛችን ተባለች፤ ያኔውኑ ነገር እንደተበላሸ ገባኝ። ሰው ከእናትነት ወደ ደንበኛነት ሲወርድ ተከትሎ የሚመጣው ደግ አይሆንም።

ኃላፊዋ ወረቀቱን የሞተች አይጥ ይመስል በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ይህን ማን እንደሰረዘ ጠየቀች። እህቴ በኩራት እሷ መሆኗን ተናገረች፤ የታዘዘችበትንም ቦታ በጣቷ አሳየች። ትእዛዙ ለድርጅቱ ሠራተኛ እንጂ ለደንበኛ እንዳልሆነ ተነገራት። ታዲያ ሠራተኛው ምነው ሳይሰርዝ ቀረ ብትል፣ ሠራተኛው በአሠራር እንደማይሰርዝ፣ ሦስቱም ከቆሙ ከሦስቱ አንዱ መቼም እውነት መሆኑ ስለማይቀር ድርጅቱ ለደንበኛው ዋሸ የሚባልበት መንገድ እንደማይኖር በትዕግሥት ተብራራላት። በዚህ ዓለም ላይ ብዙ ብልሃት አይቻለሁ፤ ሁሉንም ተናግሮ ምንም አለመናገር ግን እንዲህ በጨዋ ቋንቋ ሲተነተን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

እህቴ ከዚህ ሁሉ ማብራሪያ አንዷን ክር ብቻ ይዛ ቀረች። መሰረዟ ጥፋት ከሆነ ይሁን አለች፤ የሰረዘችው ግን ልክ መሆኑን ማወቅ ፈለገች።

«አይደለም» አለቻት ኃላፊዋ። «እውነቱን ነው የሰረዙት። የገዛነው እኛው ነን።»

ይደርሳል ወደ ጫማው ተመለከተ። እህቴ ማክሰኞ ዕለት ያቺን ምክር የመከራት፣ ከዚህ የተሻለ ገዢ አታገኚም ያላት፣ ገዢው ራሱ መሆኑን ቀስ በቀስ፣ የተወሳሰበ ክር እንደሚፈታ ሰው፣ ፈትታ ጨረሰች። ዕድሜ ይስጠው ብላ የመረቀችውም እሱን ነው። ክቡርነትዎ በመመሪያዎ ያዘዙት ለደንበኛው የማሳወቅ ግዴታ በዚህ ሁኔታ፣ በወቀሳ መልክ፣ በእርግጥ ተፈጽሟል። በድርጅቱ ታሪክ ለማን እንደተሸጠ በአፍ የተነገራት የመጀመሪያዋ ሻጭ እህቴ ሳትሆን አትቀርም፤ ለዚህ ክብር የበቃችውም ስላጠፋች ነው።

አምስተኛ፤ ስለተደረገልን ይቅርታ አመሰግናለሁ። የተነካካ ሰነድ ላይ ክፍያ ስለማይፈጸም ገንዘቡ ታገደ። እገዳው እንዲነሣ፣ ድርጅቱ ወኪሏ ሳይሆን ወኪሏ እንደሆነ አድርጋ በመግለጿ የተፀፀተች መሆኗን የሚገልጽ ወረቀት አዘጋጅተው እንድትፈርም ሰጧት። ደግመው ያንብቡልኝ፤ እኔም ደግሜ ነው ያነበብኩት። አክሲዮኗን በእምነት የሰጠችው ቤት ወኪሌ አይደለም ብላ ፈረመች፤ በሽያጩ ግን ስለወኪልነቱ ኮሚሽን ተቆርጦባታል። እንዳትፈርም ክንዷን ብይዛት «ልቀቀኝ ወንድሜ፤ ክፍሌ እየሄደችብኝ ነው» አለችኝ። አዲሱ ማረጋገጫ ከዋናው ቢሮ ታትሞ የመጣው ዓርብ ረፋድ ላይ ነው፤ አዲስ ወረቀት አዲስ ቀን ስለሚይዝ ርክክቡ ለሰኞ ተላለፈ። ወረቀቱ ንጹሕ ነው። ሦስቱም፣ አንዳቸውም ሳይሰረዙ፣ ቆመውበታል።

ስድስተኛ፤ ዓርብ ቀትር። ለዚህኛው ምስጋና የማቀርበው ለክቡርነትዎ አይደለም። አዋላጇ ቀትር ላይ አልዘጉም፤ የክፍሏ ጥላ ከደረጃው ወርዶ መንገዱን እስኪሻገር ተቀምጠው ጠበቁን። ሽቶ ነጋዴውም ሰው ነው፤ አልተቅለበለበም፣ እጁን አጣምሮ ቁልፍ ቀራጩ በር ላይ ቆሞ ነበር። እህቴ እያለከለከች ደርሳ አዲሱን ማረጋገጫ ዘረጋችላቸው። መነጽራቸውን አደረጉና ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ ይኼ ገንዘብ ነው ወይ ብለው ጠየቋት። ገንዘቡ የሚመጣበት ወረቀት መሆኑን ነገረቻቸው።

«ልጄ» አሏት፣ «ስንቱን አዋልጃለሁ፤ ይመጣል የተባለን ልጅ ግን ታቅፌ አላውቅም።»

ይህን ያሉት ለመጎንተል አልነበረም፤ የሰኞ የመንገድ ትኬታቸው በመቀነታቸው ነበር፤ ዓይናቸውም እንባ አቅርሮ ነበር። ግራና ቀኝ ጉንጯን ስመዋት ቁልፉን ለሽቶ ነጋዴው ሰጡ። እህቴ ቅዳሜን ዕቃ ስታወጣ ዋለች። መቀሶቿን፣ አዝራሮቿን፣ ገና የአዝራር ቀዳዳ ያልወጣላቸውን የሰው ኮቶች፣ ከሁሉ በኋላም መኪናዋን አወጣን፤ ቁልፍ ቀራጩ አንዱን እግር ይዞልኝ። ስትጨርስ ግድግዳው ጋ ቆመች። እኔ የምታለቅስ መስሎኝ ወደ መንገዱ ዞርኩ። እሷ ግን ሜትሯን አውጥታ፣ ከወለሉ እስከ እያንዳንዱ ጭረት እየለካች፣ የልጆቹን ቁመት በአሮጌ የካርቶን ክዳን ላይ ትገለብጥ ነበር። ገሚሱን ሳትጨርስ መሸ። በሳምንቱ በዚያ ሳልፍ ግድግዳው ሐምራዊ ተቀብቷል፤ ቀለሙ ለሽቶ ቤት ይስማማል፤ አይካድም።

ሰባተኛ፤ ስለ ገንዘቡ አመሰግናለሁ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ መጣ። ሳንቲም አልጎደለውም። ከላዩ የተነሣው ኮሚሽን ብቻ ነው፤ ለምን እንደሆነ ብንጠይቅ ገዢ አፈላልገው ስላገኙላት የድካም ዋጋ መሆኑ ተነገረን። አልተከራከርኩም። ራስን ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነገር መሆኑን ሊቃውንት ሁሉ ይመሰክራሉ፤ እነሱ ደግሞ ማክሰኞ ማለዳ ወንበራችን ሳይሞቅ ነው ያገኙት።

ስምንተኛ፤ ስለ መልስዎ። መሥሪያ ቤትዎ በአቤቱታችን ላይ የሰጠው መልስ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ገንዘቡ ተከፍሎ ስላለቀ ጉዳዩ እልባት አግኝቷል ይላል። ማኅተሙ ግን ያማረ ነው።

ክቡር ሆይ፣ አሁን የእህቴ መኪና በእኔ ሳሎን፣ በቴሌቪዥኑና በበሩ መሃል ነው ያለው። ብርሃኑ ከጀርባዋ ስለሚመጣ የራሷ ጥላ ስፌቷ ላይ ይወድቃል፤ ለዚህ ሲባል አንድ ጊዜ ወደ ግራ፣ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ ዘንበል እያለች ትሰፋለች፤ ሲመሽ አንገቷን ትይዛለች። ደንበኞቿ የድሮው በር ድረስ ሄደው ሽቶ ተረጭቶላቸው ይመለሳሉ፤ የት እንደገባች የሚያውቀው ቁልፍ ቀራጩ ብቻ ነው፤ እሱም ሥራ ሲበዛበት ይዘነጋል። አንዷ እናት ሁለት ልጆቿን ይዛ መንደሩን ስታስስ ውላ ቤታችን የደረሰችው ሌላ ቦታ ካሰፋች በኋላ ነው፤ እጅጌው አጥሯል፣ እባክሽ እይልኝ ብላ። እህቴ ገንዘብ አላት። ገንዘቡን ይዛ በዚያ ሠፈር ክፍል ስትፈልግ ሰነበተች፤ በዚያ ዋጋ የሚገኝ የለም። ክቡርነትዎ እልባት ያሉት ይህንን ነው።

የምለምነው ብዙ አይደለም። ድርጅቱ ይቀጣ አልልም፤ ለመቅጣት ስብሰባ ያስፈልጋል፤ ስብሰባ ሲጨመርብዎ ደግሞ በርዎ ላይ ያለው ወረቀት ዕረፍት አያገኝም። ክፍሏ ትመለስ አልልም፤ ተቀብታለች። የምለምነው ሁለት ነገር ነው። በማግስቱ ብለው ሲያበሥሩ የማን ማግስት እንደሆነ አብረው ይንገሩን። ደላላው በሰው ዕቃ ላይ እጁን ሲያሳርፍም፣ የሚገዛው እሱ ራሱ ከሆነ፣ ይህንኑ ሻጩ አፉን ሞልቶ እሺ ከማለቱ በፊት፣ በሰው ዓይን ልክ በሆነ ፊደል፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይጻፍለት። አንድ። ሦስት አይሁን። እህቴ ይህን ዓረፍተ ነገር ማክሰኞ ማለዳ አግኝታው ቢሆን ምን ታደርግ እንደነበር ጠይቄአታለሁ። እንደማትሸጥ አልነገረችኝም፤ ክፍሏን ትፈልግ ነበርና ትሸጥ ነበር። ምክሩን ግን ከእሱ አልጠይቅም ነበር አለችኝ፤ ዋጋውንም ቀና ብዬ፣ ገዢን እንደምከራከር ተከራክሬ ነበር የምቀበለው አለች። ዕድሜውን ሙሉ የሲሚንቶ አቧራ የጠጣ ሰው ድካም ቢያንስ አንድ ጊዜ መከራከር ይገባው ነበር። እኛ የጠፋብን ይህ ነው፤ ክፍሏም ይህም።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ለክቡርነትዎ ያለኝ አክብሮት እንዳለ ነው። እንዲያውም ጨምሯል፤ ሰው ያልደረሰበትን ነገር ማክበሩ አይቀርም።

ወገቤ የፈቀደልኝን ያህል ዝቅ ብዬ፣ ረጅም ዕድሜ፣ አጭር ስብሰባና በማግስቱ የሚደርስ ደመወዝ እየተመኘሁ፣

የልብስ ሰፊዋ ታናሽ ወንድም፣
የክቡርነትዎ ደጅ ጠኚ፣
በገዛ ሳሎኑ መቀመጫ አጥቶ ይህን ደብዳቤ ቆሞ የጻፈ።

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ለጋዜጣው ላደርስ ጫማዬን ሳስር የእህቴ ስልክ ጮኸ። ድርጅቱ ነው። ይደርሳል አልነበረም፤ ሌላ፣ እህቴን የማያውቅ፣ ድምፁ የሚያባብል ወጣት ነው። ገንዘቧ ባንክ ተኝቶ ዋጋ ከሚያጣ ብትሠራበት እንደሚሻላት፣ የሲሚንቶው ፋብሪካ አክሲዮን ሰሞኑን መወደዱን፣ እነሱ እጅ ላይ ግን ጥቂት እንዳለና ለእሷ ሲሉ ሊያካፍሏት እንደሚችሉ ነገራት። እህቴ ስንት እንዳወጣ ጠየቀችው። ነገራት። ስፒሎቿን አንድ በአንድ ከከንፈሯ አውጥታ ጨርቁ ላይ ሰካች።

«ለካ ባሌ ሀብታም ነበር» አለችውና ስልኩን ዘጋች።